ፀሐይ በደብረ ታቦር አናት ላይ፦ የጨረር ማዕዘንና የምድር ገጽ ሙቀት

የደብረ ታቦር በዓል በየዓመቱ ነሐሴ 13 ቀን እንደሚከበር ይታወቃል። የዚሁኑ ተራራ ስም የያዘችው የደቡብ ጎንደር ዋና ከተማ ደግሞ በሰሜን ኬክሮስ 11 ዲግሪ ከ51 ደቂቃ ገደማ ላይ ትገኛለች። እነዚህን ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን ለሚያስቀምጥ ሰው አንድ አስገራሚ ግጥጥሞሽ ይታየዋል። በበዓሉ ዕለት ቀትር ላይ ፀሐይ ከከተማዋ አናት የምትርቀው በአንድ ዲግሪ ያህል ብቻ ነው፤ ከሦስት ቀናት በኋላ፣ ነሐሴ 16 ገደማ፣ በትክክል አናት ላይ ትደርሳለች። በቡሄ ቀትር አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ዘንግ ቀጥ ብሎ ቢተከል ጥላው 2 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። ይሁንና በዚያ ሰሞን ሰማዩ አብዛኛውን ጊዜ በደመና የተሸፈነ በመሆኑ ይህንን ጥላ ለማየት የሚታደለው ጥቂት ሰው ነው፤ ጅራፍ የሚያጮኹት ልጆችም ቢሆኑ ስለ ሙቀት ሳይሆን ስለ ብርድ ነው የሚያወሩት።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን የምድር ገጽ ይበልጥ ይሞቃል ተብለን ከተማርን፣ የደብረ ታቦር ነሐሴ ስለምን ቀዘቀዘ?

ጥያቄውን ከመመለሳችን በፊት በተማሪዎች ዘንድ በብዛት የሚታይ አንድ የተሳሳተ አስተሳሰብ ማረም ያስፈልጋል። ብዙዎች የወቅቶችን መፈራረቅ ምድር ለፀሐይ ከመቅረቧና ከመራቋ ጋር ያያይዙታል። እንደ እውነቱ ከሆነ ምድር ለፀሐይ እጅግ የምትቀርበው በታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ፣ 147 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ስትርቅ ነው፤ እጅግ የምትርቀው ደግሞ በሰኔ መጨረሻ፣ 152 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ላይ ነው። አውሮፓውያን በበረዶ በሚቸገሩበት ወር ምድር ለፀሐይ ቅርብ ናት ማለት ነው። ለወቅቶች ዋነኛው ምክንያት የምድር ዛቢያ በ23.4 ዲግሪ ማዘንበሉና ከዚህም የተነሣ ጨረሩ በየቦታው የሚያርፍበት ማዕዘን ከወር ወር መለዋወጡ፣ የቀኑም ርዝመት አብሮ መለወጡ ነው።

የማዕዘኑን ነገር በእጅ ባትሪ መሞከር ይቻላል። በጨለማ ክፍል ውስጥ ባትሪውን ቀጥታ ወደ ወለሉ ብናበራ ትንሽና ደማቅ ክብ እናያለን። ዘንበል ስናደርገው ክቡ ይረዝማል፣ ድምቀቱም ይቀንሳል። ከባትሪው የሚወጣው ብርሃን አልቀነሰም፤ የተለወጠው ብርሃኑ የሚያርፍበት ስፋት ነው። ፀሐይም እንዲሁ ናት። አናት ላይ ስትሆን በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚያርፈው ጨረር፣ ከአድማስ በላይ በ30 ዲግሪ ከፍታ ላይ ስትሆን በሁለት ካሬ ሜትር ላይ ይሠራጫል፤ የ30 ዲግሪ ሳይን ግማሽ ነውና። በሒሳብ ቋንቋ፣ አግድም በሆነ መሬት ላይ የሚያርፈው ኃይል ከፀሐይ ከፍታ ሳይን ጋር ተመጣጣኝ ነው። በዚህ ላይ ጋደል ብሎ የሚመጣ ጨረር በከባቢ አየር ውስጥ የሚያቋርጠው መንገድ ረዥም ስለሆነ በየመንገዱ የሚጠፋው ድርሻም ይጨምራል።

ይህንን ስሌት ወደ ደብረ ታቦር እናምጣው። ፀሐይ ወደ ደቡብ እጅግ በምታዘነብልበት ቀን፣ ታኅሣሥ 12 ወይም 13፣ የቀትር ከፍታዋ 54.7 ዲግሪ ነው። የዚህ ሳይን 0.82 ይሆናል። ስለዚህ በዓመቱ ዝቅተኛ በሚባለው ቀትር እንኳ መሬቱ አናት ላይ ያለች ፀሐይ ከምትሰጠው 82 በመቶውን ለመቀበል የሚያስችል ማዕዘን አለው። በኖርዌይ ዋና ከተማ በኦስሎ ግን በዚያው ቀን የቀትር ፀሐይ ከአድማስ በላይ ከ7 ዲግሪ አታልፍም፤ ድርሻውም 12 በመቶ ገደማ ነው። የቀኑ ርዝመትም በደብረ ታቦር ብዙ አይለዋወጥም። በሰኔ 12 ሰዓት ከ50 ደቂቃ፣ በታኅሣሥ 11 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ያህል ነው። አገራችን የአውሮፓ ዓይነት በጋና ክረምት የሌላት ስለዚህ ነው። በእኛ ዘንድ ክረምት የዝናብ ስም እንጂ የዝቅተኛ ፀሐይ ስም አይደለም።

ሌላም ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። በባሕር ማዶ የተዘጋጁ መጻሕፍት የቀትር ፀሐይ ምንጊዜም በደቡብ በኩል እንደምትታይ አድርገው ይጽፋሉ። ከሚያዝያ 13 ገደማ እስከ ነሐሴ 16 ድረስ ባሉት አራት ወራት ግን በደብረ ታቦር የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ትውላለች፣ ጥላም ወደ ደቡብ ይወድቃል።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ፀሐይ በከተማዋ አናት ላይ የምታልፈው ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያና በነሐሴ አጋማሽ ነው። በእነዚህ ሁለት ቀናት ማዕዘኑ አንድ ነው፤ የቀኑ ርዝመትም አንድ ነው፤ ከፀሐይ ያለን ርቀት እንኳ ልዩነቱ አንድ በመቶ አይሞላም። ተፈጥሮ ራሷ ያዘጋጀችው ሙከራ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ውጤቱ ግን የተለያየ ነው፤ ሚያዝያ ከዓመቱ ሞቃት ወራት አንዱ ሲሆን የነሐሴ ቀን ቀዝቃዛ ነው። ልዩነቱን የሚያመጡት ደመናና ውኃ ናቸው። ጥቅጥቅ ያለ የክረምት ደመና ከሚደርስበት ብርሃን ከግማሽ በላይ የሚሆነውን መልሶ ወደ ጠፈር ያንጸባርቃል። ደመናውን አልፎ መሬት የሚደርሰውም ቢሆን የሚያገኘው የረጠበ አፈርና ለምለም ሣር ነው። አንድ ሊትር ውኃ ለማትነን ወደ 2.4 ሚሊዮን ጁል ኃይል ያስፈልጋል፤ ይህም ያንኑ ውኃ ከዜሮ ዲግሪ እስከ መቶ ዲግሪ ሴልሺየስ ለማሞቅ ከሚያስፈልገው ከአምስት እጥፍ በላይ ነው። በሚያዝያ ደረቅ መሬት ላይ አፈሩንና አየሩን ያሞቅ የነበረው ኃይል በነሐሴ ውኃ በማትነን ያልቃል። ስለዚህ ማዕዘኑ የሚወስነው ሊመጣ የሚችለውን እንጂ የሚደርሰውን አይደለም።

ደጋውን ከማዕዘን አንጻር ይበልጥ አስተማሪ የሚያደርገው ግን ተዳፋቱ ነው። በጉና ተራራ ግርጌ ገብስና ድንች የሚያመርት ገበሬ ማሳው በየትኛው ጎን እንዳለ ጠንቅቆ ያውቃል። በታኅሣሥ ቀትር ወደ ደቡብ በ20 ዲግሪ የተንሸራተተ ማሳ ጨረሩን በቀጥታ ሊባል በሚችል ሁኔታ ይቀበላል፤ ድርሻው 96 በመቶ ነው። ከጋራው ማዶ ወደ ሰሜን በዚያው መጠን የተንሸራተተው ማሳ ግን 57 በመቶ ብቻ ያገኛል። አንድ ጋራ፣ አንድ ቀን፣ ሁለት ዓይነት ፀሐይ!

በውርጭ ጊዜ ደግሞ የጧቷ ፀሐይ ትልቅ ቦታ አላት። ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ጥርት ያሉ ሌሊቶች መሬቱ ሙቀቱን ያለ ከልካይ ወደ ጠፈር ይለቃል፤ የቀዘቀዘው አየርም ከባድ ስለሆነ ወደ ጎድጓዳው ሥፍራ ይወርዳል። ሲነጋ ፀሐይ 10 ዲግሪ ከፍ ባለች ጊዜ ሜዳ ላይ ያለ ማሳ 17 በመቶ ሲቀበል፣ በ20 ዲግሪ ተንሸራትቶ ከፀሐይዋ ጋር ፊት ለፊት የተያየው 50 በመቶ ይቀበላል፤ ሦስት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ሌሊቱን የወረደውን ውርጭ ማዕዘኑ አይከለክለውም፤ ቶሎ ማቅለጡ ግን የእርሱ ሥራ ነው።

ከፍታን በሚመለከት አጠር አድርገን እንለፍ። 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ወረታ፣ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ደብረ ታቦርና ከ4,100 ሜትር በላይ የሚዘልቀው ጉና የሚያዩት ፀሐይ ማዕዘን አንድ ነው ለማለት ይቻላል። ሆኖም የሙቀት መጠን በየሺህ ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ጉና ላይ ጨረሩ ከቆላው ይልቅ ብርቱ ነው፣ ቆዳንም ያቃጥላል፤ አየሩ ግን ስስ በመሆኑ ሙቀት ይዞ አያቆይም።

አንባቢያን ይህንን በራሳቸው ሊያረጋግጡ ይችላሉ። በደብረ ታቦር የፀሐይ ቀትር የሚሆነው በ6 ሰዓት ሳይሆን በአማካይ በ6 ሰዓት ከ28 ደቂቃ ነው፤ የአገራችን ሰዓት የተቆጠረው ከከተማዋ 7 ዲግሪ በምሥራቅ ካለ ኬንትሮስ ነውና። በታኅሣሥ 12 ቀትር ላይ የአንድ ሜትር ዘንግ ጥላ 71 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። በዚያው ዕለት አዲስ አበባ ያለ ጓደኛ ቢለካ 64 ሴንቲ ሜትር ያገኛል። ከሁለቱ ጥላዎች የሚወጡት ማዕዘኖች 35.3 እና 32.5 ዲግሪ ናቸው። ልዩነቱ 2.8 ዲግሪ ነው። ከ2,200 ዓመታት በፊት ኤራቶስቴንስ የአስዋንንና የእስክንድርያን ጥላ በማነጻጸር የምድርን ዙሪያ ያሰላው በዚህ መንገድ ነበር፤ ከጉና የሚወርዱት ርብና ጉማራም በጣና በኩል በዓባይ አድርገው ወደዚያችው አስዋን ያቀናሉ። የአንድ ዲግሪ ኬክሮስ ርቀት 111 ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑን ይዘን ብናባዛ፣ ደብረ ታቦር ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን 310 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በመኪና የሚኬደው መንገድ ከዚህ በእጅጉ ይረዝማል፤ ጨረር የዓባይን በረሃ መውረድና መውጣት አይጠበቅበትም።