ተላላፊ በሽታ በገባ ጊዜ መንግሥት ለቤተ ሰብ ስለሚሰጠው የገንዘብ ርዳታ

ተላላፊ በሽታ ወደ አንድ አገር ሲገባ ሁለት መከራ ይዞ ይመጣል። አንደኛው ሕመምና ሞት ነው፤ ሁለተኛው ግን ሥራ ተቋርጦ፥ ገበያ ተዘግቶ፥ የዕለት ጉርሱን በዕለት ድካሙ የሚያገኘው ሰው መራቡ ነው። «ከቤትህ አትውጣ» ተብሎ የታዘዘ ሰው ትእዛዙን ሊጠብቅ የሚችለው በቤቱ የሚበላው ሲኖር ነው። «የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም» እንዲሉ፥ ደመወዙ የማይቋረጥበት ሹም ይህን ፈጥኖ ላያስተውለው ይችላል፤ ሆኖም የተራበ ሰው ሥራ ፍለጋ መውጣቱ ስለማይቀር፥ ረኃብን ያልከለከለ መንግሥት በሽታውንም ሊከለክል አይችልም።

ለዚህ ነገር የቶጎ አገር መልካም ምሳሌ ይሆናል። ቶጎ በምዕራብ አፍሪቃ በጋናና በቤኒን መካከል ያለች፥ ከሰሜን ወደ ደቡብ የረዘመች ጠባብ አገር ናት፤ ዋና ከተማዋም በባሕር ዳር ያለችው ሎሜ ናት። በ2012 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2020) የኮሮና በሽታ በገባ ጊዜ፥ መንግሥቱ መጋቢት 23 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ አወጀ፤ በሌሊት መንቀሳቀስም ተከለከለ። በዚያን ጊዜ ከሕዝቡ የሚበዛው ቸርቻሪ፥ ባለሞተር ብስክሌት፥ ልብስ ሰፊ፥ የቀን ሠራተኛ ስለ ነበረ፥ ወር ጠብቆ የሚቀበለው ደመወዝ አልነበረውም።

ስለዚህ መጋቢት 30 ቀን 2012 ዓ.ም. ኖቪሲ የተባለ ርዳታ ተጀመረ። ኖቪሲ ማለት በኤዌ ቋንቋ መተባበር ማለት ነው። ሥራውንም ካቀኑት አንዷ በዚያን ጊዜ የዲጂታል ኢኮኖሚ ሚኒስትር የነበሩት ሲና ላውሰን ናቸው። እህል በማደል ፈንታ ገንዘብ በስልክ ይላክ የተባለበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ እህል ለመቀበል ሕዝብ ሲሰበሰብ በሽታው ይዛመታል፤ በስልክ የተላከ ገንዘብ ግን ሰው ሳይሰበሰብ፥ በመካከልም እጅ ሳይገባበት ከባለቤቱ ይደርሳል።

ነገር ግን «ርዳታው ለማን ይሰጥ?» የሚለው ጥያቄ ከባድ ሆነ። የድኾች ስም የተጻፈበት መዝገብ በአገሩ አልነበረም። ስለዚህ በዚያው ዓመት በየካቲት ወር ለተደረገው ምርጫ የተዘጋጀውን የመራጮች መዝገብ ወሰዱ፤ የእያንዳንዱ ሰው መኖሪያና ሥራ በዚያ ተጽፎ ነበርና። ርዳታ የሚሻ ሰው በማናቸውም ተራ ስልክ ኮከብ 855 መሰላል ብሎ ይደውላል፤ የመራጭነት ካርዱን ቍጥርም ያስገባል። መኖሪያውና ሥራው እንደ ሕጉ ሆኖ ከተገኘ ገንዘቡ በጥቂት ደቂቃ ይላክለታል። በሎሜና በአካባቢዋ ሴት በየወሩ 12,250፥ ወንድ 10,500 የሴፋ ፍራንክ ተቈረጠላቸው፤ ይህም በሁለት ጊዜ ተከፍሎ ይሰጥ ነበር። ለሴት መብለጡ የቤተ ሰቡን ምግብ አብዝታ የምታስብ እርሷ ስለ ሆነች ነው። በጥቂት ወራት ውስጥም ከግማሽ ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው ተረዳ።

በኋላም ርዳታው ወደ ገጠር እንዲሰፋ ታሰበ። ከሰማይ ሳተላይት ያነሣው ሥዕል ተመርምሮ 100 እጅግ ድኻ የሆኑ ካንቶኖች ተለዩ፤ ካንቶን ማለት እንደ ወረዳ ያለ ክፍል ነው። በነዚያም ውስጥ የባሰበትን ሰው ለመለየት የስልኩ አጠቃቀም በኮምፒዩተር ተመዘነ። በ2014 ዓ.ም. የታተመው ጥናት እንዳስረዳው፥ ይህ ዘዴ አካባቢን ብቻ አይቶ ከመስጠት ይልቅ፥ ሊረዳ ሲገባው የሚቀረውን ሰው ከመቶ ከ4 እስከ 21 ቀነሰ። ነገር ግን የቤተ ሰብ ኑሮ አስቀድሞ በሙሉ ከተጻፈበት መዝገብ ጋራ ሲመዛዘን ያንሳል።

በዚህ ነገር ውስጥ ያለው ጕድለት ሊሸሸግ አይገባም። ስልክ የሌለው፥ ካርድ ያላወጣ፥ ስሙ ያልተመዘገበ ሰው ከርዳታው ይቀራል፤ ይህ ሰውም ብዙ ጊዜ ከሁሉ ይልቅ የተቸገረው ነው። መኪናው ስልክን ይመዝናል እንጂ ስልክ የሌላትን ባልቴት አያያትም። ጎረቤት ግን ያያታል። በኢትዮጵያ ገጠር በ1997 ዓ.ም. ሴፍቲኔት የተባለው ርዳታ ሲጀመር፥ ተረጂውን የሚለዩ የአካባቢ ሰዎች መመረጣቸው ስለዚሁ ነው። ይሁን እንጂ ጎረቤትም በዝምድናና በቂም ሊያዳላ ይችላል። ስለዚህ መዝገብና ምስክር ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ የቀረ ሰው አቤት የሚልበት በርም ሊከፈት ይገባል።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት፥ መዝገብ የሚዘጋጀው መከራ ሳይመጣ በደኅና ጊዜ መሆኑ ነው። የአገር ሽማግሌዎች ልደትና ሞት፥ የሙት ልጅና የአካል ጕዳተኛ ስም በእውነት እንዲጻፍ ቢተጉ፥ መምህራንም መጻፍ ለማይችሉት ቢጽፉላቸው፥ በክፉ ቀን የሚቀረው ሰው ጥቂት ይሆናል።

ለተማሪዎች የሚቀርብ ጥያቄ፤
፩ኛ፤ ተላላፊ በሽታ የሚያመጣቸው ሁለት መከራዎች ምንና ምን ናቸው?
፪ኛ፤ በቶጎ ከእህል ይልቅ ገንዘብ በስልክ የተላከው ስለ ምንድር ነው?
፫ኛ፤ ከርዳታው ሊቀሩ የሚችሉት እነማን ናቸው?
፬ኛ፤ በመንደራችሁ ስሙ በመዝገብ ያልተጻፈ ችግረኛ ቢኖር ማን ሊመሰክርለት ይገባል?