ተሳቢ ለሚጎትት የመስክ መኪና የኋላ ባሌስትራን ስለ ማጠንከር

ከባሕር ዳር በስተደቡብ ካለችው ከሰባታሚት ተነሥቶ ጄኔሬተር ወይም ጥቂት ኩንታል እህል፥ አለዚያም ወደ ጣና ዳር የሚወርድ ጀልባ በትንሽ ተሳቢ ጭኖ በላንድክሩዘር ለማስጎተት የሚያስብ ነጋዴ፥ አስቀድሞ የሚያስተውለው የመኪናው ኋላ ዝቅ ማለቱን ነው። ወዲያውም መካኒኩን «ባሌስትራ ጨምርልኝ» ይለዋል። ነገሩ ግን ከዚህ የጠለቀ ስለ ሆነ፥ ዕቃውን የሚያስመጣውም የሚሸጠውም ሊያውቀው ይገባል።

ተሳቢው በጋንቾው ላይ የሚያሳርፈው ሸክም ከጠቅላላ ክብደቱ ከመቶ 10 ያህል እንዲሆን ብዙ ጊዜ ይመከራል። እንግዲህ 1500 ኪሎ የሚመዝን ተሳቢ 150 ኪሎ ያሳርፋል ማለት ነው። ይሁን እንጂ ጋንቾው ከኋላ ጎማዎች አልፎ ወደ ኋላ ወጣ ያለ በመሆኑ፥ ሸክሙ እንደ ማንሻ እንጨት ይሠራል። ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ 2.7 ሜትር፥ ከኋላ ጎማ እስከ ጋንቾው 1.2 ሜትር ቢሆን፥ በኋላ ጎማዎች ላይ የሚጨመረው 217 ኪሎ ያህል ነው፤ ከፊት ጎማዎችም ላይ 67 ኪሎ ያህል ይነሣል። ፊቱ የቀለለ መኪና መሪው ይላላል። ጠንካራ ባሌስትራ ኋላውን ቀና ያደርጋል፤ የፊት መብራቱም የመጪውን ሾፌር ዓይን እንዳይወጋ ይረዳል፤ ከፊት የጎደለውን ክብደት ግን አይመልስም።

የባሌስትራው ዝርግ ብረት ውፍረት በጥቂቱ ሲጨምር ጥንካሬው እጅግ ይጨምራል። ስፋቱና ርዝመቱ ሳይለወጥ 8 ሚሊሜትር የነበረው 10 ቢሆን፥ ጥንካሬው እጥፍ ሊሆን ጥቂት ብቻ ይቀረዋል። ስለዚህ ባለ ሱቁ በዓይን ገምቶ ከሚሸጥ በካሊፐር ለክቶ ቢሸጥ ይሻለዋል። ዘወትር ተጭኖ ለሚሄድ መኪና ወፍራሙ ይስማማል። ብዙውን ቀን ባዶውን የሚውል መኪና ግን በኮረኮንች ላይ ኋላው ይዘላል፤ ጎማውም መሬት ይለቃል። (እንደ ፕራዶ ያሉት ከኋላ ባሌስትራ ሳይሆን ሞላ ያላቸው ስለ ሆኑ፥ አስመጪው ሳይለይ አይዘዝ።)

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸው ከተነገረ ወዲህ፥ ነባሩን መኪና ጠግኖ መያዝ የብዙዎች አሳብ ሆኗል። እዚህ ላይ ሻጩ «ይህን ካስገባህ የፈለግኸውን ትጎትታለህ» ቢል ደንበኛውን ለአደጋ ይሰጠዋል። የመኪናውን አቅም የሚወስኑት ሻንሲው፥ አክስሉ፥ ጎማውና ፍሬኑ ጭምር ናቸው፤ ፋብሪካው የወሰነው ልክ በባሌስትራ አይለወጥም። በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ወደ ዓባይ ሸለቆ ቁልቁል ሲወረድ ተሳቢው መኪናውን ከኋላ ይገፋዋል፤ ያን ጊዜ የሚያድነው ፍሬንና ከባድ ማርሽ ነው።

በአንዳንድ ላንድክሩዘሮችና ሃይሉክሶች ላይ፥ እንደ ጭነቱ መጠን የኋላውን ፍሬን ኃይል የሚመጥን መሣሪያ ከአክስሉ ጋራ ተያይዟል። ባሌስትራው መኪናውን ከፍ ሲያደርገው መሣሪያው ጭነት የሌለ ይመስለውና የኋላውን ፍሬን ያደክማል። ይህን ያላስተካከለ መካኒክ ሥራውን ፈጽሟል አይባልም። አክስሉን ከባሌስትራው ጋራ የሚያስሩት ቡሎኖችም ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ኪሎሜትሮች በኋላ እንደገና ይጠበቃሉ፤ አዲስ ብረት ሲረጋ ይላላሉና።