ሳንቲምና ባትሪ በሕፃን ጉሮሮ

ሕፃናት ዓለምን ከሚመረምሩባቸው መንገዶች አንዱ አፋቸው ነው። በተለይ ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ባለው ዕድሜ ያገኙትን ሁሉ ስለሚጎርሱ፣ ባዕድ ነገር የመዋጥ አደጋ በዚህ ወቅት ይበዛል። በብዛት ከሚዋጡት ዕቃዎች አንዱ ሳንቲም ነው።

ለመሆኑ የተዋጠው ነገር የት ይቀረቀራል? የምግብ ቧንቧ በተፈጥሮው ሦስት ጠባብ ስፍራዎች አሉት፤ እነርሱም መግቢያው፣ ትልቁ ደም ወሳጅ ቧንቧ (አኦርታ) የሚጫነው መካከለኛ ክፍልና ከጨጓራ ጋር የሚገናኝበት ጫፍ ናቸው። ሳንቲም አብዛኛውን ጊዜ የሚያዘው በመጀመሪያው ነው። ሕፃኑ ለሐጩ ሊዝረከረክ፣ ምግብ እምቢ ሊል ወይም ሊያስል ይችላል፤ አንዳንዱ ግን ምንም ምልክት አያሳይም። ስለዚህ ሐኪሙ ራጅ ያዝዛል። በራጁ ላይ የሳንቲም ጥላ አንድ ወጥ ክብ ሲሆን፣ የአዝራር ቅርፅ ያለው ባትሪ ግን ብዙውን ጊዜ ድርብ ክብ ሆኖ ይታያል።

ይህ ልዩነት የሕይወት ጉዳይ ነው። ሳንቲም ከሆነና ሕፃኑ ካልተጨነቀ፣ ሐኪሙ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ሊጠብቅ ይችላል፤ በራሱ ወደ ጨጓራ የሚወርድበት ጊዜ አለና። ባትሪ ከሆነ ግን መዘግየት አይገባም። ምክንያቱን ከኬሚስትሪ ትምህርታችን እናገኘዋለን። የባትሪው ዋልታዎች እርጥቡን የቧንቧ ግድግዳ ሲነኩ የኤሌክትሪክ ዑደት ይሟላል። በአሉታዊው ዋልታ አጠገብ ከውኃ የሃይድሮክሳይድ አዮኖች ይፈጠራሉ፤ የሚከማቸውም ብርቱ ቤዝ ሥጋውን በ2 ሰዓት ውስጥ ክፉኛ ሊያቃጥል ይችላል። እጅግ አደገኛው 20 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ባለ 3 ቮልት ሊቲየም ባትሪ ነው። ለመሣሪያ አላገለግል ብሎ የተጣለውም ቢሆን ለጉዳት የሚበቃ ኃይል ይኖረዋል።

ዕቃው የሚወጣው ሕፃኑ በሙሉ ማደንዘዣ ከተኛ በኋላ ነው። የአየር ቧንቧው በመተንፈሻ ቱቦ ይጠበቃል፤ ከዚያም ሐኪሙ ኢንዶስኮፕ አስገብቶ፣ በዓይኑ እያየ፣ ዕቃውን በረጅም መቆንጠጫ ይዞ ያወጣዋል። ይህን ጥበብ ካዳበሩት አንዱ የሆነው አሜሪካዊው ሐኪም ሼቫሊየር ጃክሰን (1865–1958 እ.ኤ.አ.) ከሕሙማን ያወጣቸው ከ2,000 በላይ ዕቃዎች በፊላደልፊያው ሙተር ሙዚየም ተጠብቀዋል።

እኛስ በቤታችን ምን እናድርግ? ጣት ከትተን ማስመለስም ሆነ እንጀራ አጉርሰን ዕቃውን ለመግፋት መሞከር የለብንም። ባትሪ ከዋጠ 12 ሰዓት ያልሞላው፣ ዕድሜው ከ1 ዓመት በላይ የሆነና መዋጥ የሚችል ሕፃን ግን ወደ ሆስፒታል እየተወሰደ 2 የሻይ ማንኪያ ማር በየ10 ደቂቃው፣ ቢበዛ 6 ጊዜ፣ ሊሰጠው ይችላል። ማሩ ቃጠሎውን ያዘገያል እንጂ ባትሪውን አያወጣም፤ ማር ፍለጋም ጉዞውን ሊያስተጓጉል አይገባም። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ያረጀውን ባትሪ ከሕፃን እጅ ማራቅ ነው።