ይጠብቃል ወይስ ይላላል?

ለማስተማር ልምምድ ዱከም ሳለሁ ሰሌዳው ላይ «ገና ነው» ብዬ ጻፍኩ፤ ጊዜው አልደረሰም ለማለት ነበር። አፉን በኦሮምኛ የፈታ አንድ ተማሪ ተነሥቶ «ና»ን አጥብቆ አነበበው። «ተሳስተሃል!» አልኩት፤ ክፍሉ ሳቀ። ልጁ ከዚያ ወዲያ እጁን አላወጣም።

ማታ ሳስበው ጥፋቱ የእኔ ነው። «ገና» ሲጠብቅ የልደት በዓል አይደለም እንዴ? «አለ»ም ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይገኛል ማለት ነው። ፊደላችን ይህን ልዩነት አያሳይም። አፉን በአማርኛ የፈታ በጆሮው ያውቀዋል፤ ሌላው ከየት ያምጣው?

ለልጁ መጥበቅና መላላት እንግዳ ነገር አይደለም። በኦሮምኛም «በዳ» ሲላላ መጥፎ፣ ሲጠብቅ ደጋ ነው። ቁቤ ግን የሚጠብቀውን ድምፅ ፊደሉን ደግሞ ስለሚጽፈው አንባቢው አይቸገርም። ልጁ የጎደለው ምልክቱ እንጂ ችሎታው አልነበረም።

ስለዚህ ጓደኞቼ፣ ለልምምድ ስትወጡ አዲስ ቃል ከመጻፋችሁ በፊት በድምፅ አሰሙ። አንዳንድ የሰዋስው መጻሕፍት እንደሚያደርጉት፣ በሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ ሁለት ነጥብ አድርጉ። «ዋና»ን አንዴ አጥብቃችሁ፣ አንዴ አላልታችሁ እያነበባችሁ «የቱ ነው ውሃ ውስጥ ያለው?» ብላችሁ ጠይቁ። ከማረማችሁ በፊትም ልጁ ምን ብሎ እንደተረዳው ጠይቁት። እኔ ሳልጠይቅ ቀረሁ።