በፎቶው ጠርዝ ላይ የቆሙት

ሰው በሥላሴ አርአያና አምሳል እንደተፈጠረ ከልጅነታችን ጀምሮ ተምረናል። ይህ ትምህርት ንጉሡን ከወታደሩ፣ ባለጠጋውን ከቀን ሠራተኛው አይለይም። አንድ ሰው ስሙ ስላልተጻፈ፣ ጫማ ስላላደረገ ወይም ከሰው መካከል ተገፍቶ ጥግ ስለቆመ ከአርአያው አንዳች አይጎድልበትም። ይህን በአፉ የሚክድ ክርስቲያን አላውቅም። ዓይናችን ግን ሌላ ልማድ አለው። አሮጌ የመንገድ ወይም የገበያ ፎቶ ሲሰጠን ባለማዕረጉን፣ መኪናውንና ሕንፃውን ቶሎ ያገኛል፤ የቀረውን «ሕዝብ» ብሎ በአንድ ቃል ይጠቀልለዋል። ዛሬ የምንማረው በአፋችን የምናምነውን በዓይናችንም እንድንለማመደው ነው። ቀስ ብለን እንሂድ።

ከባሱንዳ እንጀምር። ባሱንዳ በሱዳን ገዳሪፍ ግዛት፣ ከኢትዮጵያ ወሰን አጠገብ ያለ የማሽላና የሰሊጥ አገር ነው። ከጎንደርና ከጎጃም ለአረምና ለአጨዳ የሚሻገረው የጉልበት ሠራተኛ፣ ሎሪ ሾፌሩ፣ ደላላው፣ ከመንገድ ዳር ቡና የምታፈላው እኅታችን ሁሉም መንገደኛ ነው። በእንዲህ ያለ አገር ፎቶ ሲነሣ ሰው ለራሱ ብሎ የሚነሣው ጥቂት ነው። አብዛኛው በሌላው ፎቶ ውስጥ ሳያስበው የገባ ነው። ስለዚህ ይህን ትምህርት ለመማር ከዚህ ድንበር የተሻለ ቦታ ብፈልግ የማገኝ አይመስለኝም።

አሁን ወደ አንድ ታላቅ ቀን እንሂድ። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከአምስት ዓመት ግድም ስደት በኋላ ከሱዳን ተነሥተው በድንበሩ ላይ ባለችው ኦሜድላ የኢትዮጵያን ሰንደቅ ዓላማ ሰቀሉ። የዚያ ዘመን ፎቶዎችና ፊልሞች ሲታዩ ንጉሠ ነገሥቱ ይታወቃሉ። አጠገባቸው የነበሩት ራስ ካሣ፣ እጨጌ ገብረ ጊዮርጊስ፣ መሳፍንቱና እንግሊዛዊው የጦር መኮንን ዊንጌት በታሪክ መጻሕፍት በስማቸው ተመዝግበዋል። ከዚያ በኋላ ግን ሠራዊቱ ወደ በላያ ተራራና ወደ ጎጃም የገባው በግመል ነው። ከሱዳን የተሰበሰቡት ግመሎች ወደ 15 ሺህ ይጠጋሉ፤ አብዛኞቹ ቆላውንና ዳገቱን ሳይችሉ በመንገድ ወድቀው ቀርተዋል። አንድ ግመል ያለ ሰው አይሄድም። ጭነቱን ሌሊት የጫነ፣ ገመዱን የሳበ፣ ግመሉ ሲወድቅ ጭነቱን አውርዶ ወደ ሌላው ያሸጋገረ ሰው አለ። ከእነዚህ ሰዎች አብዛኞቹ የዚሁ የድንበሩ ቆላና የሱዳን ሰዎች ነበሩ። ስማቸውን ማን ጻፈ?

ቀኑን ልብ በሉ። ጥር 12 የቃና ዘገሊላ በዓል ነው። በየዓመቱ ወንጌሉን እንሰማዋለን፤ ስድስቱን የድንጋይ ጋኖች፣ ያለቀውን ወይን፣ የእመቤታችንን ምልጃ እናውቃለን። አሳዳሪው የወይኑን ጣዕም አድንቆ ከወዴት እንደመጣ አላወቀም። ውኃውን ቀድተው ጋኖቹን እስከ አፋቸው የሞሉት አገልጋዮች ግን ያውቁ ነበር። ወንጌላዊው ዮሐንስ የአንዱንም አገልጋይ ስም አልነገረንም፤ ምስጢሩን ያወቁት ግን እነርሱ መሆናቸውን ሳይጽፍ አላለፈም። ጌታችን ተአምሩን ያለ እነርሱ ሊያደርገው ይችል ነበር፤ በእነርሱ ትከሻና እንስራ አልፎ እንዲመጣ ግን ፈቀደ። እንግዲህ የኦሜድላን ፎቶ በቃና ዘገሊላ ዕለት እንደተነሣ አድርጋችሁ ስትመለከቱ ውኃ ቀጂዎቹን ፈልጉ። ከሰንደቁ ኋላ፣ ከሰልፉ ጫፍ፣ ከግመሉ አንገት ጎን ይገኛሉ።

ይህን ስል ባለ ስሞቹን አቃልሉ ማለቴ አይደለም። ለሚገባው ክብር መስጠት የታዘዝነው ነው። ሌሎቹን ከቁጥር ማውጣት ግን ማንም አላዘዘንም።

አሁን በአንዲት ፎቶ ላይ እንለማመድ። ከአንድ ምእመን የቤተሰብ አልበም የወጣች፣ ገዳሪፍ ገበያ ዳር የተነሣች ጥቁርና ነጭ ፎቶ ናት። ያነሣው ሰው የፈለገው ሎሪውን ነው፤ በሱዳን ገበያ ሁሉ ይዞሩ ከነበሩት ከእነዚያ ቤድፎርዶች አንዱ ነው። በላዩ ጆንያ ተከምሯል፣ በጆንያው ላይ ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። በስተግራ ጠርዝ ላይ፣ አንድ ትከሻዋ በፎቶው ጫፍ የተቆረጠባት ሴት አለች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሸንፍጣለች። ከፊቷ ከሰል ማንደጃ፣ በላዩ ጀበና። ስኒዎቹ በረከቦቱ ላይ ተደርድረዋል፤ አንደኛው ግን ከቦታው የለም። የት ሄደ ብላችሁ ብትከተሉት ከሎሪው በር ኋላ የወጣ አንድ እጅ ይዞት ታገኛላችሁ። የሰውየው ፊት አይታይም። ከዚህ ዓለም በዚህች ፎቶ የቀረለት እጁና የያዘው ስኒ ብቻ ነው። የሴትዮዋ አንድ ሸበጥ ከእግሯ ወልቆ ከማንደጃው አጠገብ ቆሟል። የሁሉም ጥላ አጭር ነው፤ ፀሐዩ አናት ላይ ነው። የጆንያዎቹ አፍ ተሰፍቷል።

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ከሁሉም የሚከብደው ይህ ክፍል ነው። ያየነው ምንድን ነው? ቡና እንደምታፈላ፣ አንድ ሰው ከእርሷ ወስዶ እንደሚጠጣ፣ ሰዓቱ ወደ ቀትር እንደሆነ አይተናል። ጆንያው ከተሰፋ እህል ሞልቶ ለጉዞ ተዘጋጅቷል፤ አጨዳ አልፎ ሊሆን ይችላል። ከዚህ ወዲያ አፋችን ቢሮጥስ? «ምስኪን፣ ስደተኛ ናት»፣ «ባል የላትም»፣ «ያ ሰው ዱቤ የሚጠጣ ነው» ማለት እንጀምራለን። ይህን ማን ነገረን? በሐሰት አትመስክር የሚለው ትእዛዝ በሕይወት ላለ ባልንጀራ ብቻ አልተሰጠም። ራሱን መከላከል የማይችል፣ በወረቀት ላይ ዝም ያለ ሰውማ ይበልጥ ጥንቃቄ ይገባዋል። ጫማ ያላደረገ ሰው ስታዩ «ጫማ አላደረገም» በሉ፤ «ድሃ ነው» አትበሉ። በቀደመው ዘመን ባለ ርስቱም ባለ ከብቱም በባዶ እግሩ ይሄድ ነበር። ማዘን መልካም ነው። ያልተረጋገጠ ኀዘን ግን ሰውየውን ከራሱ ሕይወት አውጥቶ የእኛ መተዛዘኛ ያደርገዋል።

የአገራችን ሠዓሊዎች በዚህ ረገድ ከካሜራ የተለየ ሥራ ነበራቸው። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ጻድቁን በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት ሲሥሉት ከሓዲውንና ጠላቱን በአንድ ዓይን፣ በጎኑ ይሥሉታል። የዐድዋ ሥዕሎችም ይህንኑ ሥርዓት ይዘዋል። ሠዓሊው ትምህርት ሊያስተላልፍ ስለሚሥል ፍርዱን አብሮ ያስቀምጣል፤ በቅዱሱ ራስ ዙሪያም አክሊለ ብርሃን ያደርጋል፣ ስሙንም አጠገቡ ይጽፋል። ሥዕሉን ያሠራው ምእመን ሳይቀር ከእመቤታችን ሥዕል ግርጌ ተደፍቶ ይሣላል፤ እንደተማጸነም ከነስሙ ይጻፍለታል። እናቶቻችንና አባቶቻችን ከሥዕሉ ሥር ቦታ ነበራቸው፤ ይህ እጅግ ያስደስተኛል። ካሜራ ግን አክሊል አይሰጥም፣ ዓይንም አይነሳም። በጎኑ የተነሣው ጻድቅ፣ ፊት ለፊት የተነሣው በደለኛ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በፎቶ ላይ ያለን ሰው በመልኩ አንፈርድበትም። ፎቶው ቅዱስ ሥዕል አይደለምና አንሰግድለትም፤ በውስጡ ያለው ሰው ግን የአምላክ አርአያ ነውና አናቃልለውም።

ፎቶ የማያሳየው ነገር እንዳለም ማወቅ ይገባናል። በ1838 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ፈረንሳዊው ሉዊ ዳጌር ፓሪስ ውስጥ ቡልቫር ዱ ታምፕል የሚባለውን ሰፊ ጎዳና ከከፍታ ላይ አነሣ። ጎዳናው ሰውና ሠረገላ የሚተራመስበት ነበር። የዚያ ዘመን መሣሪያ ግን አንዱን ምስል ለመቀበል ደቂቃዎች ይፈጅበት ስለነበር የሚንቀሳቀስ ሁሉ ሳይቀረጽ አለፈ። በምስሉ ላይ ጎዳናው ባዶ ነው። ከታች በስተግራ ብቻ አንድ እግሩን አንሥቶ ጫማውን የሚያስጠርግ ሰው ቆሟል፤ ከፊቱም የሚጠርግለት ሊስትሮ በደብዛዛው ይታያል። በፎቶ ላይ ከታዩት ሰዎች የመጀመሪያዎቹ ተብለው የሚጠቀሱት እነዚህ ናቸው። ሁለቱም ስም የላቸውም። እዚያ የቀሩት አንዱ ለመሥራት አንዱ ለማሠራት በመቆማቸው ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው ግልጽ ነው፤ ታሪክ አብዝቶ ያለፈው ሊስትሮ በብርሃን ከተጻፉት ሰዎች ፊተኛ ሆነ። ሁለተኛው ይከብዳል። የሠረገላው ነጂ፣ የምትቸኩለው እናት፣ የሚሮጠው ልጅ በዚያ ጎዳና ነበሩ፤ ምስሉ ግን የሉም ይለናል። ካሜራ ያልያዘው ያልነበረ አይደለም። የእግዚአብሔር ዕውቀት ግን የሰውን ራስ ጠጉር እንኳ የቈጠረ ነው፤ ቈሞ የሚጠብቀውንም ሮጦ የሚያልፈውንም ይይዛል።

ይህን ለገዳሪፍ ሰው ማስረዳት አያስቸግርም። በ1977 ዓ.ም. ድርቅና ጦርነት ያፈናቀለው ሕዝብ ወደ ገዳሪፍ ሲሻገር የዓለም ካሜራ የደረሰው ዘግይቶ ነው። ኡም ራኩባ በተባለው መጠለያ ከነበሩት መካከል ቤተ እስራኤላውያን ነበሩ፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ወራት ከሱዳን ወደ 8 ሺህ የሚጠጉት በዘመቻ ሙሴ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወስደዋል። በእግር ጉዞውና በሱዳን መጠለያዎች የሞቱት ግን ወደ 4 ሺህ ይገመታሉ። ከእነዚህ ለብዙዎቹ አንድም ፎቶ የለም። ኢየሩሳሌም በሄርዝል ተራራ ላይ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል፤ ዘመዶቻቸው በየዓመቱ እዚያ ይሰበሰባሉ። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ከትግራዩ ጦርነት የሸሹ ወገኖች ወደዚያው ወደ ኡም ራኩባ ገቡ፤ የቅማንት ተወላጆችም በዚሁ ዓመት ወደ ገዳሪፍ ግዛት ተሻገሩ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በቅዳም ሥዑር፣ ካርቱም ላይ ጦርነት ሲነሣ ጉዞው ተገለበጠ፤ ሱዳናውያንም ለዓመታት እዚያ የኖሩ ኢትዮጵያውያንም በገላባት በኩል ወደ መተማ ፈለሱ። ነፍሱን ይዞ የሚሮጥ ሰው አልበም አይሸከምም። ስንት የገዳሪፍና የካርቱም ፎቶ በተዘጋ ቤት ውስጥ ቀርቷል።

ስለዚህ በእጃችሁ የቀረውን በአደራ ያዙ። ፎቶውን በሌጣው አታስቀምጡ። ከጀርባው በእርሳስ ቦታውንና ዘመኑን ጻፉ፤ ዘመኑን በርግጥ ካላወቃችሁ «በአጨዳ ወራት» ማለት ይበቃል። ያያችሁትን ካሰባችሁት ለዩ። ከዚያ ወደ አረጋውያን ይዛችሁ ሂዱ፤ የምትጠይቁትም መካከል ላይ ስላለው ሰው ብቻ አይሁን። «አባባ፣ ይቺ ጥግ ላይ ያለችው ማን ትሆን?» በሉ። አዛውንቱ መነጽራቸውን አድርገው ፎቶውን ወደ ብርሃን ሲያስጠጉ አታቻኩሏቸው። ስም ከተገኘ ስሟን ጻፉ፤ ካረፈች የክርስትና ስሟን ጠይቁና ለካህን ስጡ፣ በጸሎት ትታሰባለች። ሙስሊም ጎረቤት ከሆነች ለልጆቿ ፎቶውን አድርሱላቸው፤ እናታቸውን በወጣትነቷ አይተዋት ላያውቁ ይችላሉና።

ዛሬ በስልክ የምታነሡም ብትሆኑ ይኸው ሥርዓት ይያዛችሁ። በመጠለያም በገበያም ያለን ሰው ፈቃዱን ሳትጠይቁ ፊቱን አትውሰዱ። ስሙን ጠይቁት፤ እንዲጻፍ ካልወደደ አትጻፉ።

አንዳንዶች ይጠይቃሉ፦ «የሚያውቀው ሁሉ ሞቶ ስሙ ፈጽሞ የማይገኝ ሰውስ? በሎሪው በር ኋላ እጁ ብቻ የሚታየውስ?» በቅዳሴያችን ካህኑ በስማቸው ከሚጠሯቸው ጋር በሃይማኖት ስላንቀላፉት ሁሉ ይጸልያሉ። የዚያን ሰው ሃይማኖት አናውቅም፣ ስሙንም አናውቅም፤ የፈጠረው ያውቀዋል። በእኛ በኩል ስኒ የያዘ እጅ እንዳለ ከፎቶው ጀርባ እንጻፍለት።