ነፃ ትምህርት በማን ገንዘብ? የወጪ መጋራት ዕዳችን በሸሪዓ ዓይን



በምዝገባው ግርግር መሐል፣ ፎቶ ስንሰጥና የዶርም ቁልፍ ስንረከብ፣ ሁላችንም አንድ ወረቀት ላይ ፈርመናል። የወጪ መጋራት ውል ይባላል። በዶርም ወሬ ስለዚህ ውል ሦስት ዓይነት ንግግር ይሰማል። አንዱ «የመንግሥት ገንዘብ ነው፣ ማን ይጠይቀናል» ይላል። ሌላው «ትምህርት ነፃ መሆን አለበት፣ ስለዚህ ዕዳው ዕዳ አይደለም» ይላል። ሦስተኛው ሪባ ቢሆንስ ብሎ ፈርቶ ይጠይቃል። ይሄኛው ከሁለቱ ይሻላል፤ ቢያንስ የፈረመው ነገር አሳስቦታል። ለሦስቱም መልስ ከመስጠታችን በፊት ግን ውሉን ራሱን እንወቀው።

ውሉ ምን ይላል?

ወጪ መጋራት የመጣው በ1995 ዓ.ም ነው። በዚያ ዓመት የወጣው የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 351 መንገዱን ከፈተ፤ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 91 ደግሞ ዝርዝሩን አስቀመጠ። በደንቡ መሠረት ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ ሙሉ በሙሉ፣ ከማስተማሪያው ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ይሸፍናል። የሚከፍለው ግን ዛሬ አይደለም። ተመርቆ ገቢ ማግኘት ሲጀምር ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ ነው። በመምህርነት ሠልጥኖ የሚያገለግል ሰው በገንዘብ ፈንታ በአገልግሎቱ ይከፍላል። ቀድሞ መክፈል ለሚፈልግም ቅናሽ አለው።

ብዙዎቻችን ዕዳው የትምህርት ክፍያ ብቻ ይመስለናል። ትልቁ ክፍል ግን ምግቡ ነው። በ2017 ዓ.ም የአንድ ተማሪ የቀን የምግብ በጀት ከ22 ብር ወደ 100 ብር ከፍ ብሏል። በኑሮ ውድነቱ 22 ብር ምን እንደሚገዛ ሁላችንም ስለምናውቅ፣ ጭማሪው ሲሰማ ደስ ያላለው ተማሪ የለም። አሁን ግን እርሳስ እናንሳ። አንድ ተማሪ በዓመት 10 ወር ግቢ ይቆያል ብንል፣ በ22 ብር ሒሳብ የዓመቱ ምግብ 6,600 ብር ነበር። በ100 ብር ሒሳብ 30,000 ይሆናል። እንደኛ ኢንጂነሪንግ ለሚማር፣ በአምስት ዓመት ምግቡ ብቻ 150,000 ብር ነው። ይህ ሰው ተመርቆ በወር 10,000 ብር ደሞዝ ቢያገኝና በየወሩ 1,000 ቢቆረጥበት፣ የምግቡን ዕዳ ብቻ ከፍሎ ለመጨረስ 12 ዓመት ተኩል ይፈጅበታል። ካፌ የሚበላም ሆነ ነን ካፌ ሆኖ ብሩን በእጁ የሚቀበል በዚህ እኩል ነው።

ስለዚህ እየተነጋገርን ያለነው ስለ ትንሽ ነገር አይደለም።

ያለ ከፋይ የተማረ ማን አለ?

ከዚህ ከደብረ ማርቆስ ብዙም ሳይርቅ፣ በእነማይ ወረዳ በቢቸና አካባቢ፣ ዲማ ጊዮርጊስ አለ። የኦርቶዶክስ ወንድሞቻችን ገዳምና ስመ ጥር የቅኔና የመጻሕፍት ትምህርት ቤት ነው። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ ከተማሩባቸው ቦታዎች አንዱ ይሄ ነው። እዚያ የሚማር ልጅ ለመምህሩ ክፍያ አይከፍልም። ለምዱን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ በየደጁ ለምኖ ያድራል። «ነፃ» የምንለው ትምህርት ይህ ነው። ነገር ግን ያንን ቁራሽ የሚሰጠው ማን ነው? የመንደሩ ገበሬ። መምህሩንስ ማን ያኖረው ነበር? እስከ 1967ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ የቤተ ክርስቲያን መሬት፣ ማለትም መሬቱን የሚያርሰው ያው ገበሬ።

የኛም ከዚህ አይለይም። በወሎ በዳና፣ በጌታ፣ በጃማ ንጉሥ ደረሳው ለሸኹ ገንዘብ አይቆጥርም ነበር። የሸኹን ማሳ ያርሳል፣ እንጨት ይለቅማል፤ የመንደሩ ሰው ያበላዋል። ወላጆቻችን ቂርኣት ቤት ሲልኩን እህልና ቡና ይዘን እንድንሄድ ያደረጉት ከዚያ የወረሱትን ነው። ከአገር ወጣ ብለን በካይሮ አዝሀር ስንሄድ ደግሞ ሪዋቅ አል-ጀበርትን እናገኛለን። ከዘይላዕና ከሐበሻ ምድር የሄዱ ሙስሊም ተማሪዎች የሚያድሩበት ክፍል ነበር። የግብፅ ታሪክ ጸሐፊው ዐብዱረህማን አል-ጀበርቲ ዘሩ ከዚሁ ወገን ነው፤ የሪዋቁ ሸይኽነትም በቤተሰቡ ውስጥ ቆይቷል። ተማሪው በየቀኑ የሚደርሰው ዳቦ ነበረው። ዳቦውን የሚገዛው ወቅፍ ነው፤ አንድ ሰው ሱቁን ወይም እርሻውን ለአላህ ብሎ አስሮት፣ ገቢው ለተማሪ እንዲውል የተናዘዘው።

ከሁሉ የሚቀድመው ግን የበድር ታሪክ ነው። በሁለተኛው ዓመተ ሂጅራ ከተማረኩት የመካ ሰዎች መሐል ገንዘብ የሌላቸው፣ ጽሕፈት ግን የሚችሉ ነበሩ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) እያንዳንዱ አሥር የመዲና ልጆችን ጽሕፈት እንዲያስተምር፣ ያም እንደ ቤዛ እንዲቆጠርለት አደረጉ። አስተውሉ፤ የምርኮኛ ቤዛ የሕዝበ ሙስሊሙ ገንዘብ ነው። መዲና ገንዘብ በሚያስፈልጋት ጊዜ ከገቢዋ ቀንሳ ለልጆቿ ፊደል ገዛች። ልጆቹ ሳንቲም አልከፈሉም፤ ትምህርቱ ግን ዋጋ ነበረው፣ ዋጋውንም የከፈለ አለ።

በኛ ጉዳይ ከፋዩ ማን ነው?

በኛ ዘመን ይህን ቦታ የያዘው «መንግሥት» የምንለው ነው። መንግሥት የራሱ ማሳ የለውም። የሚሰጠን ከሕዝብ የሰበሰበውን ነው።

የዲማና የቢቸና ገበሬ ደግሞ ከግብር ጋር ረዥም ታሪክ አለው። በ1940 ዓ.ም በመሬት ላይ የትምህርት ግብር ሲጣል ከከፋዮቹ አንዱ ነበር። በ1960 ዓ.ም የግብርና ገቢ ግብር ሲታወጅ የሞጣና የቢቸና ገበሬ «በቃ» ብሎ ተነሣ፤ ጦር ተላከበት። በመጨረሻ ንጉሡ ውዝፉን ምረው የጠቅላይ ግዛቱን ገዥ ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴን ለማንሳት ተገደዱ። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ እስኪከፈት ድረስ ከዚያ በኋላ ወደ 40 ዓመት ጠብቋል። ዛሬም ይህ ገበሬ የመሬት መጠቀሚያ ይከፍላል፤ ሳሙና ሲገዛ ተጨማሪ እሴት ታክስ ዋጋው ውስጥ ገብቶ ይከፍላል።

ልጁስ? በ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም 3.2 በመቶ። የገጠር ልጅ ቤተ ሙከራ በሌለው፣ መምህር በማይበረክትበት ትምህርት ቤት ተምሮ ነው ለዚያ ፈተና የሚቀርበው። ስለዚህ አብዛኛው ገበሬ የሚከፍለው የሌላ ሰው ልጅ እንዲማርበት ነው። «የማስተማሪያው ወጪ ሙሉ በሙሉ ነፃ ይሁን፣ ምንም ዕዳ አይኑር» የሚለውን ሐሳብ እኔ የማልቀበለው ለዚህ ነው። ዲግሪ ይዞ ደሞዙ ከፍ ያለ ሰው ምንም ሳይመልስ፣ ዲግሪ ያላየው ሁሉንም ይሸከም ማለት ነውና። በሌላ በኩል «የሚማር ሁሉ ዛሬውኑ ከኪሱ ይክፈል» የሚለው ደግሞ የዲማን ገበሬ ልጅ በሩ ላይ ያስቀረዋል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2015 ዓ.ም ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ በመጀመሪያ ዲግሪ ከፍለው የሚማሩ ተማሪዎችንም ይቀበላል። ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም በዚሁ መንገድ እንዲሄዱ ታቅዷል። ከፍሎ የሚማር መኖሩ ክፉ አይደለም፤ የከፋዩ ቁጥር በጨመረ ልክ የደሃው ወንበር የሚቀንስ ከሆነ ግን ያን ጊዜ ዝም ማለት አይገባም።

አሊሞቻችን ሕክምናንና ሒሳብን የመሰለ ሕዝብ ያለሱ የማይኖርበትን ዕውቀት ፈርድ ኪፋያ ብለውታል፤ ኢማም አል-ገዛሊ በኢሕያእ የዕውቀት ምዕራፍ ላይ በግልጽ አስቀምጠውታል። ፈርድ ኪፋያ ማለት የሚፈጽመው ካልተገኘ ሁሉም ይጠየቅበታል ማለት ነው። እንግዲህ ሐኪም መኖሩ የሁሉም ግዴታ ከሆነ፣ ሐኪሙን ማስተማርም የሁሉም ወጪ ነው። ሐኪሙ ግን ከዚያ የግሉን ጥቅምም ያገኛል። አብዛኛውን ሕዝብ ከፍሎ፣ ጥቂቱን ተማሪው ሥራ ሲይዝ ይመልስ የሚለው አከፋፈል ለኔ ከዚህ ጋር የሚስማማ ነው።

ዕዳው ዕዳ ነው

ወደ መጀመሪያው ወንድማችን እንመለስ፤ «ማን ይጠይቀናል» ወዳለው። በዲናችን ዕዳ ቀላል ነገር አይደለም። ከቁርኣን ረዥሙ አንቀጽ (አልበቀራ 282) ስለ ዕዳ መጻፍ የሚናገር ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ጥቂት ዲናር ዕዳ ጥሎ በሞተ ሰው ላይ ጀናዛ ከመስገድ ተቆጥበው፣ አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ) ዕዳውን በኔ ላይ ይሁን ካሉ በኋላ ነው የሰገዱበት። የሕዝብ ገንዘብ ደግሞ ከግለሰብ ዕዳ ይብሳል። ከጎረቤትህ የተበደርከውን ቢከብድህ ሄደህ «ማረኝ» ትለዋለህ። ከመቶ ሚሊዮን ሰው የወሰድከውን ግን ማንን ሄደህ ማረኝ ትላለህ? የዲማውን ገበሬ ስሙንም አታውቀው። ደሞዙን ከአሠሪው ጋር ተመሳጥሮ ዝቅ አድርጎ የሚያስጽፍ፣ ወይም ውሉን የሚያስክድ ወረቀት የሚያሠራ ምሩቅ ይህን ሐቅ ነው የሚበላው።

ሪባን በሚመለከት፣ በ1995ቱ ደንብ በዕዳው ላይ ወለድ አይታሰብም። የወሰድከውን ያህል ነው የምትመልሰው። ስለዚህ አሠራሩ በመሠረቱ ወደ ቀርድ የቀረበ ነው። ቀድሞ ለሚከፍል የሚሰጠው ቅናሽ ግን የፊቅህ ውይይት አለበት። «ቀንስልኝና ቶሎ ልክፈልህ» የሚባለውን ከፊል ፉቀሃእ ከልክለውታል፣ ከፊሉ ፈቅደውታል። የዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1992 ጂዳ ላይ ባሳለፈው ውሳኔ፣ ቅናሹ በቅድሚያ ውል ያልተገባበት ከሆነና ሦስተኛ ወገን ካልገባበት ይፈቀዳል ብሏል። የኛ ቅናሽ በደንብ ተጽፎ የተቀመጠ ስለሆነ በዚያ መስፈርት ያልፋል ወይ የሚለውን ለዑለማኦች እንተወዋለን። የቅናሹ ጥያቄ ዕዳውን ራሱን እንደማይሽረው ግን ልብ በሉ።

«ተገድጄ ነው የፈረምኩት» የሚልም አለ። ሌላ አማራጭ አልነበረኝም ማለቱ ከሆነ እውነት አለው፤ ያልፈረመ አይመዘገብም። ይሁን እንጂ የበላነው እንጀራ፣ የተኛንበት አልጋና የተማርነው ትምህርት በእጃችን ገብቷል። የተቀበሉትን ተጠቅሞ ውሉን መካድ ወደ ፍትሕ አያደርስም።

የሚስተካከል ነገር የለም ማለት ግን አይደለም። በኔ እምነት ሁለት ነገር ላይ ተማሪ ድምፁን ማሰማት አለበት። አንደኛ፣ የዕዳው ልክ በየዓመቱ በግልጽ ለተማሪው ይነገረው። አልበቀራ 282 ዕዳው እንዲጻፍ ያዘዘው ሁለቱም ወገን እንዲያውቀው ነው። አምስት ዓመት ሙሉ ልኩን የማያውቀውን ዕዳ ተሸክሞ፣ ኦሪጅናል ዲግሪ ሊያወጣ ሲሄድ ቁጥሩን የሚሰማ ሰው ብዙ ነው። ሁለተኛ፣ ሥራ ያላገኘ ምሩቅ ጉዳይ። ከገቢ 10 በመቶ የሚለው ደንብ ገቢ ለሌለው ፋታ ይሰጣል፤ ይህም የተቸገረን ባለዕዳ እስኪያገኝ ታገሱት ከሚለው የአልበቀራ 280 ትእዛዝ ጋር ይገጥማል። ኦሪጅናል ዲግሪው ዕዳው እስኪከፈል ሲያዝ ግን፣ የመክፈያውን መንገድ ራሱን መዝጋት ይሆናል። አንዳንድ ቀጣሪ ያለ ኦሪጅናል አይቀጥርም፤ ካልተቀጠረ ደግሞ ከምን ይከፍላል? ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አላህ በር ከከፈተላቸው በኋላ፣ መክፈያ ሳይተው የሞተን ሰው ዕዳ እርሳቸው እንደሚከፍሉ ተናግረዋል። ከሕዝብ ሀብት ለእውነተኛ ችግረኛ ዕዳ መሰረዝ በዲናችን መሠረት ያለው ነገር ነው።

ጀመዓችን ምን ይችላል?

ዘካ የሚገባቸው ስምንቱ ወገኖች (አት-ተውባ 60) ውስጥ ደሃና ባለዕዳ ሁለቱም አሉ። ኢማም አን-ነወዊ በመጅሙዕ ላይ፣ ሠርቶ ማደር የሚችል ሆኖ ሳለ የሸሪዓ ዕውቀት ፍለጋ ከሥራ የያዘውን ሰው ዘካ መቀበል ይችላል ብለዋል። ይህ የዩኒቨርሲቲ ተማሪንም ያካትታል የሚሉ የዘመኑ ዑለማኦች አሉ። በጀመዓችን ውስጥ ለፎቶ ኮፒና ለትራንስፖርት የሚቸገሩ እህቶችና ወንድሞች እንዳሉ ሁላችንም እናውቃለን። ተመርቀው ሥራ የያዙ ታላላቆቻችን ዘካቸውን በየከተማቸው ሲያወጡ እነዚህን እንዲያስቡ በስልክ ማስታወስ ከባድ ሥራ አይደለም። ለወቅፍም ሕንጻ መጠበቅ የለብንም። ከአንድ ተመራቂ ለሚቀጥለው የሚተላለፍ ካልኩሌተር፣ የድሮዊንግ ዕቃና የታተመ ሞጁል ወቅፍ ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል። አስረካቢው ስሙን፣ ተረካቢው ፊርማውን ያኑርበት።

ዘንድሮ የምትመረቁ፣ የፈረማችሁባቸውን ውሎች ቅጂ ከሬጅስትራር ጠይቃችሁ ያዙ፤ የዕዳውን ልክ ከወሲያችሁ ጋር ጻፉት፣ ቤተሰባችሁም ይወቀው። የመጀመሪያ ደሞዝ ስትቀበሉ ደግሞ አንድ ጥያቄ ይመጣባችኋል፤ ይህ ዕዳ ከኒሳብ ይቀነሳል ወይ? በሐነፊዮች ዘንድ ዕዳ ከሀብቱ ይቀነሳል። በሻፊዒዮች ዘንድ በታወቀው አቋም ዕዳ ዘካን አይከለክልም። ለረዥም ዓመት ተከፋፍሎ የሚከፈል ዕዳ በሐነፊዮቹ መንገድ ሙሉው ይቀነሳል ወይስ የዓመቱ ድርሻ ብቻ የሚለውን በሚቀጥለው እትም ከኡስታዞቻችን ጠይቀን እናቀርባለን፣ ኢንሻአላህ።