ውሻንና ድመትን ስለ ማኮላሸት

በሬን ለእርሻ፥ በግንና ፍየልን ለሙክትነት ማኮላሸት ባገራችን የቈየ ልማድ ስለ ኾነ ጥቅሙን የማያውቅ የለም። ስለ ውሻና ስለ ድመት ግን ብዙ ሰው አላሰበበትም። ስለዚህ አገር ገዦች፥ የወረዳ ሹማምንትና የእርሻ ባለቤቶች ነገሩን ተረድተው ለሕዝቡ እንዲያስረዱ ይህ ትምህርት ተጽፏል።

ሴት ውሻ አብዛኛውን ጊዜ በዓመት 2 ጊዜ ስሪያ ትፈልጋለች፤ ካረገዘችም በ63 ቀን ገደማ ትወልዳለች። ለቡችሎቹ ጌታ ካልተገኘ በየመንገዱ ይጣላሉ። ከነዚህም የሚያድጉት ክትባት ስለማያገኙ የእብድ ውሻ በሽታን ወደ ሰውና ወደ ከብት ያስተላልፋሉ። መርዝ መበተን ቍጥራቸውን ለጊዜው ቢያሳንስም፥ የሚወልዱት እስካሉ ድረስ ቦታው ተመልሶ ይሞላል፤ መርዙም ለሌላው እንስሳ ጠንቅ ነው።

እንግዲህ ማኮላሸት የሚገባው ዘሩ ለማይፈለገው ኹሉ ነው። ዘሩ የሚፈለገውን ማቈየት ይቻላል፤ ነገር ግን ባለቤቱ በስሪያ ጊዜ ዘግቶ ሊጠብቀው ይገባል። የተኰላሸ ውሻ ቤት አይጠብቅም ብሎ የሚፈራ ሰው አለ። ይህ ግን ስሕተት ነው። ወንዱ ሴት ፍለጋ መዞሩና መናከሱ ከሌሎች ወንዶች ጋራ ይቀንሳል እንጂ ደጁን መጠበቁን አይተውም። ሰው የሚነክስ ውሻ ግን በማኮላሸት ብቻ ይታረማል ተብሎ ተስፋ አይደረግም።

ጊዜውም እንደ እንስሳው ይለያያል። ድመት በ5 ወሯ ልታረግዝ ስለምትችል ከዚያ በፊት ቢኾን ይሻላል። ትንሽ ውሻ በ6 ወር ገደማ ይበቃዋል። አካሉ ትልቅ የኾነው ውሻ ግን አጥንቱ ሳይጠና ቢኰላሽ መገጣጠሚያው ሊታመም ስለሚችል ከ12 እስከ 18 ወር መታገሥ መልካም ነው። ሴቲቱ ስሪያ በምትፈልግበት ወራት ደሟ ስለሚበዛ፥ በምታጠባበትም ጊዜ፥ ሥራው ይቈይ። ከተኰላሹ በኋላ ቶሎ ስለሚወፍሩ ምግባቸው ይመጠን።

ውሻን እንደ በሬ መቀጥቀጥ ወይም ያለ መድኃኒት መስለብ ጭካኔ ነው፤ ሞትንም ያመጣል። የሴቲቱማ ሆድ ተከፍቶ የሚፈጸም ስለ ኾነ፥ ማደንዘዣ የያዘ የከብት ሐኪም ብቻ ይሥራው። እንዲህ ያለ ሐኪም በሌለበት ወረዳ መታገሥ ይሻላል።

የቸልታ ጕዳት ምን ያህል እንደ ኾነ የባሌ ተራራ ይመሰክራል። በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘው ቀይ ቀበሮ ከመንደር ውሾች በመጣ የእብድ ውሻ በሽታ፥ በፈረንጆች አቈጣጠር ከ1990 ዓ.ም. ወዲህ ደጋግሞ አልቋል። ወንዶች ውሾችም ከሴቶች ቀበሮዎች ጋራ ተዳቅለው ዘሩን አበላሽተዋል። ከክትባትና ከማኮላሸት በቀር ለዚህ ሌላ አጥር የለውም።

ነገር ግን ማኮላሸት የክትባትን ቦታ ሊተካ አይችልም። ሹማምንት አስቀድመው በወረዳቸው ያሉትን ውሾች ያስቈጥሩ፤ ከ100 ውሻ 70ው እንዲከተብ ያድርጉ፤ ቀጥሎም ሐኪም አስመጥተው ዘራቸው የማይፈለገውን ያስኰላሹ። በዚህ ሥርዐት የሚሠራ ሹም ሕፃናትንም፥ ከብቱንም፥ አውሬውንም ይጠብቃል።